ኦስካር ዓሣን በቤት ውስጥ ለማሳደግ፦ ከገንዳ ግዢ እስከ መብራት መጥፋት

«ኦስካር ልገዛ ነው፤ ያለኝ ገንዳ 60 ሊትር ይይዛል። ይበቃው ይሆን?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ብዙ ጊዜ ጠያቂው ዓሣውን ገዝቶ ቤት ካስገባ በኋላ ነው የሚጠይቀኝ። መልሱ አይበቃውም ነው። ሱቅ ውስጥ የጣት ግማሽ አክሎ የምታዩት ኦስካር በደኅና አያያዝ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ ዕድሜውም ከ10 ዓመት ይበልጣል። የአማዞን ወንዝ አዳኝ ዓሣ ነው፤ አፉ የሚችለውን ሁሉ ይውጣል፣ በዚያው መጠን ውሃ ያቆሽሻል።

ስለዚህ ይህን መመሪያ ዓሣውን ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት። ሥራው የሚጀምረው ዓሣው ከመምጣቱ አንድ ወር ተኩል ያህል ቀደም ብሎ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለአንድ ኦስካር)

- 120 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 45 ወርድ፣ 50 ቁመት ያለው የመስታወት ገንዳ። 270 ሊትር ያህል ይይዛል። መስታወቱ ከ10 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ ከላይ ዙሪያውን ማጠንከሪያ መስታወት ይለጠፍበት።
- በደንብ የተበየደ የብረት መቆሚያ፣ በላዩ ወፍራም ጣውላ፣ ከጣውላው በላይ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ውፍረት ያለው ፎም
- በሰዓት ከ2000 ሊትር በላይ የሚያጣራ ማጣሪያ
- እያንዳንዳቸው 150 ዋት የሆኑ ሁለት የውሃ ማሞቂያዎች፣ ከነመከላከያ ቅርጫታቸው
- ቴርሞሜትር
- የአየር ፓምፕ፣ እንዲሁም በባትሪ የሚሠራ ሁለተኛ የአየር ፓምፕ
- ክሎሪን ማርከሻ
- የአሞኒያ፣ የናይትራይትና የናይትሬት መለኪያ ጠብታዎች (ሦስቱም ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡ ናቸው፤ ደረጃ 6 ላይ አብራራለሁ)
- ክብ ጠጠር ወይም ደቃቅ አሸዋ፣ ጥቂት ለስላሳ ድንጋዮች
- ክብደት ያለው ክዳን
- ሌላ ሥራ የማይሠራባቸው ሁለት ባልዲዎችና አንድ የውሃ ጎማ
- ለትልልቅ ዓሦች የተዘጋጀ እንክብል ምግብ

ሁለት ማሞቂያ የምላችሁ በምክንያት ነው። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ውሃው ድንገት እንዳይቀዘቅዝ ይይዘዋል፤ አንዱ ሳይጠፋ ተጣብቆ ቢቀር ደግሞ 150 ዋት ብቻውን ያን ሁሉ ውሃ ቶሎ አያፈላውም። የመለኪያ ጠብታዎቹን ዋጋ አይተው የሚዘሏቸው ብዙ ናቸው። እባካችሁ አትዝለሏቸው። አሞኒያ በዓይን አይታይም፤ ጠርቶ የሚያብረቀርቅ ውሃ ዓሣ ሲገድል አይቻለሁ።

1. ገንዳውን በካርቶን ፈትኑት

ከካርቶን 32 ሴንቲሜትር ርዝመትና 13 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ዓሣ ቆርጣችሁ አውጡ። ልትገዙት ወዳሰባችሁት ገንዳ አስገቡትና ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አዙሩት። መስታወቱን ሳይነካ መዞር ካልቻለ ያ ገንዳ ለኦስካር አይሆንም። ይህን ሙከራ ስንት ሰው ከግዢ መልሷል! በቁጥር «270 ሊትር» ማለት ለብዙዎች ምንም አይነግርም፤ ካርቶኑ ግን ይነግራል።

ሊትሩን ለማወቅ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በሴንቲሜትር አባዝታችሁ ለ1000 አካፍሉ። ቁመቱ ረጅም፣ ወርዱ ጠባብ የሆነ ገንዳ ሊትሩ ቢበዛም አይጠቅምም፤ ኦስካር የሚዋኘው ወደ ጎን ነው፣ አየርም ወደ ውሃው የሚገባው በላይኛው ገጽ በኩል ነው። ሁለት ኦስካር ለማኖር ከ450 ሊትር በላይ ያስፈልጋል።

ገንዳውን መስታወት ቤት የምታሠሩ ከሆነ ሻጋታ መከላከያ ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ሲሊኮን እንዲጠቀሙ አጥብቃችሁ ንገሯቸው። ሻጋታ የሚገድለው ነገር ዓሣንም ይጎዳል። የሲሊኮኑ የአቼቶ ሽታ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ቢያንስ አንድ ሳምንት አቆዩት።

2. ቦታ ምረጡለት

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ውሃው፣ መስታወቱ፣ ጠጠሩና መቆሚያው ሲደመሩ ወደ 400 ኪሎ ይጠጋሉ። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ገንዳውን ክፍሉ መሐል አታቁሙት፤ ግድግዳ ተጠግቶ ከምሰሶ አጠገብ ይሁን። ከዚህ የሚበልጥ ገንዳ ከሆነ ባለሙያ ጠይቁ።

መቆሚያውን በውሃ ልክ በአራቱም በኩል ፈትሹ። ትንሽ ቢያጋድል ክብደቱ ሁሉ በአንድ ማዕዘን ላይ ያርፍና መስታወቱ ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል። ፎሙ የጣውላውን ጥቃቅን ጉብታ ስለሚውጥ አትተዉት። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበትን መስኮት ራቁ፤ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ ሙቀቱም ቀንና ሌሊት ይዋዥቃል።

3. ውሃ ሞልታችሁ 48 ሰዓት ጠብቁ

ከተቻለ በግቢ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን። በየማጋጠሚያው ደረቅ የወረቀት መሐረብ አሳልፉበት፤ እርጥበት ከያዘ ያፈስሳል ማለት ነው። ገንዳውን በሳሙናም በበረኪናም አትጠቡት፤ ንጹሕ ውሃና አዲስ ስፖንጅ ይበቃል።

4. ድንጋዩን፣ ጠጠሩንና ማሞቂያውን አስቀምጡ

ኦስካር ቤቱን ራሱ ያደራጃል። ጠጠሩን በአፉ እየዛቀ ያዛውራል፣ ተክል ይነቅላል፣ ድንጋይ ይገፋል። ስለዚህ ትልልቆቹን ድንጋዮች መጀመሪያ በቀጥታ በገንዳው ወለል ላይ አስቀምጡ፤ ጠጠሩን ከዚያ በኋላ ዙሪያቸውን አፍስሱ። ድንጋዩ ጠጠር ላይ ከተቀመጠ ዓሣው ሥሩን ሲቆፍር ተንዶ መስታወቱን ይመታል። ጠርዙ ስለታም የሆነ ነገር አታስገቡ። በድንጋዩ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ የውሃውን ጠባይ ስለሚለውጥ ተዉት።

ማሞቂያውን በመከላከያ ቅርጫት ውስጥ አድርጋችሁ አግድም፣ ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ ለጥፉት። ያለ መከላከያ ከተተወ ኦስካር በጅራቱ መትቶ ይሰብረዋል።

*ማስጠንቀቂያ፦* እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ከዝቅተኛው ቦታ ወለል ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ማከፋፈያውን መሬት ላይ አታስቀምጡ። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ሁሉንም ንቀሉ።

5. ውሃውን አዘጋጁ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። ክሎሪን የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል፣ በማጣሪያው ውስጥ የምታሳድጓቸውን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይገድላል። ሮቶ ውስጥ የቆየ ውሃ ክሎሪኑ ጠፍቷል ብላችሁ አትመኑ፤ ተከድኖ የተቀመጠ ውሃ ክሎሪኑን ቶሎ አይለቅም። በማርከሻ ማከም ይሻላል፤ ማርከሻው ካለቀባችሁ ውሃውን አፉ በተከፈተ በርሜል ውስጥ አድርጋችሁ በአየር ፓምፕ ለ24 ሰዓት አናፍሱት። እንደ ዋሽንግተን ዲሲ ባሉ ከተሞች የምትኖሩ ግን በማናፈስ አትተማመኑ። እዚያ ውሃው በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል የሚታከመው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋሕደው በሚፈጥሩት ንጥረ ነገር) ነው፤ እርሱ በማናፈስ ስለማይወጣ ማርከሻ የግድ ነው።

የውሃ ፈረቃ ባለበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ለአንድ ሳምንት ለውጥ የሚሆን 120 ሊትር ውሃ ሁልጊዜ በመጠባበቂያ ይኑራችሁ።

ሙቀቱን በ25 እና በ27 ዲግሪ መካከል አድርጉት። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ስለሚቀንስ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ «የአየር ፓምፕ ቢኖር ጥሩ ነው» የሚባለው ለእኛ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቀንም ሌሊትም ይሥራ።

6. ያለ ዓሣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቁ

ብዙ ኦስካር የሚሞተው ይህ ደረጃ ስለሚዘለል ነው። ዓሣ በስንጥቡና በኩሱ አሞኒያ ይለቃል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ እርሱም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ ናይትሬት ጉዳቱ በጣም ያነሰ ስለሆነ ውሃ በመቀየር ይወጣል። አዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም። ዓሣውን በመጀመሪያው ቀን ብታስገቡት በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማጣሪያውንና ማሞቂያውን አስነሱ። ሽቶና ሳሙና ያልተቀላቀለበት ንጹሕ አሞኒያ ካገኛችሁ በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪደርስ ጨምሩ። ጠርሙሱን ስታናውጡት አረፋ ይዞ ከቆየ ሳሙና አለበትና አትጠቀሙበት። አሞኒያ ካላገኛችሁ ጣት የምታህል ጥሬ የዓሣ ሥጋ በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ ገንዳው ውስጥ አንጠልጥሉ፤ እየበሰበሰች አሞኒያ ትሰጣለች። ሽታው ደስ አይልም፤ ግን ይሠራል።

በየሁለት ቀኑ ለኩና ጻፉት። መጀመሪያ አሞኒያው ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል፤ ናይትራይቱ በተራው ይወጣና ብዙ ቀን አልወርድ ይላል። እዚህ ላይ ተስፋ አትቁረጡ። ገንዳው ተዘጋጀ የሚባለው 2 ሚሊግራም አሞኒያ ጨምራችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ ነው። በሥጋ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሥጋው እያለ ሁለቱም ለአንድ ሳምንት ሳያቋርጡ ዜሮ ሆነው ይቆዩ። በዚያን ጊዜ ሥጋው ካለ አውጡ፣ የውሃውን ግማሽ ቀይሩ፣ በማግስቱ ዓሣውን አምጡ።

ጤነኛና የቆየ ገንዳ ያለው ወዳጅ ካላችሁ ከማጣሪያው አንድ ስፖንጅ ለምኑት። እርጥቡን በገንዳው ውሃ ይዛችሁ ብታመጡትና ማጣሪያችሁ ውስጥ ብትጨምሩት ጊዜው በብዙ ያጥራል።

7. ዓሣውን መርጣችሁ አስገቡ

ሻጩን እፊታችሁ እንዲመግበው ጠይቁት። ተንደርድሮ የሚበላ፣ ዓይኑ የጠራ፣ ክንፉ ያልተቀደደ፣ ግንባሩ ላይ ጉድጓድ የሌለበት ዓሣ ይሁን። ላስቲኩን እንደታሰረ ገንዳው ላይ ለ20 ደቂቃ አንሳፍፉት፤ ከዚያ ፈትታችሁ በየአምስት ደቂቃው አንድ ሲኒ የገንዳ ውሃ ጨምሩበት። ሲሞላ ዓሣውን በመረብ አውጥታችሁ አስገቡ። የላስቲኩን ውሃ ገንዳው ውስጥ አትድፉት፤ የሱቁን በሽታ ይዞ ይመጣል። መብራቱን አጥፉለት። ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ባይበላ አትደንግጡ።

ጓደኛ ላድርግለት ለምትሉ፦ አፉ ውስጥ የሚገባ ዓሣ ሁሉ ምግቡ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ አንድ ብቻ ይኑራችሁ።

ክዳኑን በዚያኑ ዕለት ግጠሙ። ኦስካር ይዘላል፤ ሲያድግ ቀላል ክዳን ገልብጦ ይወጣል።

8. መገቡት፣ ግን በልክ

ኦስካር ሲበላ ቀረብ ብላችሁ እዩት። እንክብሉን ጎርሶ ሁለት ሦስት ጊዜ ያላምጠዋል፤ ወዲያው በሁለቱም ስንጥቦቹ በኩል ፍርፋሪው እንደ ዱቄት ብን ብሎ ይወጣል። ያ ዱቄት ወለሉ ላይ ይሰፍራል፣ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይሆናል። ትልቅ ማጣሪያ ያስፈልጋል ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከ10 ሴንቲሜትር በታች ሳለ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው በአንድ ደቂቃ የሚጨርሰውን ያህል ስጡት። ሲያድግ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃዋል፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ጦም ይዋል። ባያችሁ ቁጥር ወደ መስታወቱ መጥቶ ይለምናል። መለመኑ የረሃብ ምልክት አይደለም፤ ምግብ የሚሰጠውን ሰው ለይቶ ስለሚያውቅ ነው።

ዋናው ምግቡ እንክብል ይሁን። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን መድኃኒት ካልተረጨበት መሬት የተቆፈረ ትል፣ ፌንጣ፣ አጥንቱ የወጣለት ቁራሽ ቆሮሶ፣ ወይም ተቀቅሎ የተላጠ አተር ጨምሩለት። የበሬና የበግ ሥጋ አትስጡት፤ ስቡን መፍጨት አይችልም፣ በጉበቱ ላይ ይከማቻል። ወርቅማ ዓሣ በሕይወት እየገዛችሁ አትወርውሩለትም። በሽታ ያመጣል፤ በተጨማሪም በሥጋው ውስጥ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ንጥረ ነገር አለ፤ አዘውትሮ የበላው ኦስካር ውሎ አድሮ ይታመማል።

9. በየሳምንቱ

የውሃውን 40 በመቶ ቀይሩ። ጎማውን ጠጠሩ ውስጥ እየሰካችሁ ቆሻሻውን አብራችሁ ምጠጡ። አዲሱ ውሃ ክሎሪኑ የረከሰ፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር የተቀራረበ ይሁን። ናይትሬቱን ለኩ፤ ከ40 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ወይ ምግቡን ቀንሱ ወይ የምትቀይሩትን ውሃ ጨምሩ። የማጣሪያውን ስፖንጅ በወር አንድ ጊዜ ያህል ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ እጠቡ፤ በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት በደረጃ 6 የደከማችሁበትን ሁሉ ትገድላላችሁ።

10. መብራት ሲጠፋ

የመጀመሪያው አደጋ ኦክስጅን ማነስ ነው፤ ቅዝቃዜው ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ባለባትሪውን የአየር ፓምፕ ወዲያው አስነሱ። ከሌላችሁ በጆግ ውሃ እየቀዳችሁ ከከፍታ መልሳችሁ አፍስሱ፤ በየ15 ደቂቃው ለጥቂት ጊዜ ብታደርጉት ዓሣውን ታተርፉታላችሁ። መብራቱ እስኪመጣ አትመግቡት። ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፤ ከላይ አየር የሚገባበት ክፍተት ተዉ። ሌሊቱ ረጅም ከሆነ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ አጥብቃችሁ ከድናችሁ ገንዳው ውስጥ አንሳፍፏቸው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ከገንዳው ውጭ የሚቀመጥ ዝግ ማጣሪያ ካላችሁ መብራቱ ጠፍቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ክፈቱትና ስፖንጆቹን አውጥታችሁ ገንዳው ውስጥ፣ የአየር አረፋው አጠገብ አስቀምጧቸው። በዝግ ዕቃ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ጨርሰው ይሞታሉ። አንድ ሌሊት መብራት ለስምንት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ሲመጣ የእኔን ማጣሪያ ከማስነሳቴ በፊት ከፈትኩት፤ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ክፍሉን ሞላው። ያ ውሃ እንዳለ ወደ ገንዳው ተመልሶ ቢሆን ኖሮ ዓሣዬን አጣው ነበር። ስለዚህ መብራት ሲመለስ የማጣሪያውን ውሃ ድፉት፣ ዕቃውን በገንዳ ውሃ አለቅልቁት፣ ከዚያ አስነሱት። ኃይሉ እስኪረጋጋም ማሞቂያውንና ማጣሪያውን ነቅላችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን አሞኒያ ለኩ።

ዘወትር የማያቸው ስህተቶች

*«ዓሣ በገንዳው ልክ ያድጋል።»* ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ጠባብ ገንዳ ውስጥ ያለ ኦስካር ትንሽ የሚሆነው ቆሻሻ ውሃ ዕድገቱን ስለሚቀጨው ነው፤ ዕድሜውም አብሮ ያጥራል።

*«ወደ ጎን ተጋድሟል፤ ሊሞት ነው።»* መጀመሪያ ውሃውን ለኩ። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ከሆኑ፣ ሙቀቱም ልክ ከሆነ፣ ምናልባት አኩርፎ ነው። ኦስካር ቤቱ ሲለወጥበት ወለል ላይ ይጋደማል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል። የእኔ ድንጋዮቹን ባዛወርኩበት ማግስት ጥግ ይዞ ተጋደመ፤ በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ በላ። መድኃኒት ጨምሬበት ቢሆን ኖሮ በሽታ የሌለበትን ዓሣ አሳምሜው ነበር።

*ግንባሩ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ሲወጡ ዝም ማለት።* ይህ ከተበላሸ ውሃና ከምግብ ጉድለት ጋር የተያያዘ በሽታ ነው። ውሃውን ሳትውሉ ሳታድሩ መቀየር ጀምሩ፣ ምግቡን አሻሽሉ። ጉድጓዱ እየሰፋ ከሄደ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ፤ በግምት መድኃኒት አትጨምሩ።

*ሁሉንም በአንድ ቀን ማጽዳት።* ጠጠሩም፣ ማጣሪያውም፣ ውሃውም በአንድ ጊዜ ከታጠበ ባክቴሪያው ያልቃል፤ ገንዳው እንደ አዲስ ይጀምራል። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ከሁለት ሳምንት በኋላ አድርጉ።

የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ

ዓሣው ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ አትልቀቁት። በአሜሪካ ደቡብ ፍሎሪዳ ወደ ውጭ የተለቀቀ ኦስካር በቦዮችና በረግረጋማ ውሃዎች ተራብቶ ቀርቷል። በእኛ አገር ደግሞ በጣና ሐይቅ ከዚያ በስተቀር በዓለም የትም የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ እንግዳ አዳኝም ሆነ ይዞት የሚመጣው በሽታ ወደ እንደነዚህ ያሉ ውሃዎች መግባት የለበትም። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን «ባይሆንልኝ መልሰህ ትወስደዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ አልወስድም ካለ ትልቅ ገንዳ ያለው ሌላ ሰው አስቀድማችሁ ፈልጉ።